ሪክሩተሩ ብር ከጠየቀሽ ሪክሩተር አይደለም

የዚህ ሳምንቷ ጠያቂያችን ቢሮዋ ሜክሲኮ አካባቢ የሆነ አካውንታንት ናት። ደብዳቤዋ ረዘም ስለሚል ፍሬ ነገሩን ብቻ አቅርቤዋለሁ፦

«ጤና ይስጥልኝ። 31 ዓመቴ ነው፣ አካውንቲንግ ተመርቄ 8 ዓመት ሰርቻለሁ፣ አሁን ሲኒየር አካውንታንት ነኝ። ባለቤቴ ቶሮንቶ ነው ሚኖረው፣ ስፖንሰር አድርጎኝ ፕሮሰሱ አልቆ የፐርማነንት ሬዚደንስ ወረቀቴ መጥቷል፣ ለመሄድ ሁለት ወር ገደማ ቢቀረኝ ነው። እዛ ሄጄ ቁጭ ከምል ብዬ ሊንክድኢን ላይ ላገኘኋቸው ሪክሩተሮች ሁሉ ሲቪዬን ላኩላቸው፣ አብዛኞቹ መልስ እንኳን የላቸውም። አንዷ ብቻ በስልክ እናውራ ብላኝ ለ10 ሰዓት ተቀጣጥረን ስልኬን ይዤ ብጠብቅ አልደወለችም፣ በኋላ ከቢሮ ወጥቼ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆኜ ሳይ የውጭ ቁጥር ሚስድ ኮል አለ፣ ከዛ በቃ ጠፋች። ቴሌግራም ላይ ደሞ አንድ ልጅ የካናዳ ሪክሩተር ነኝ፣ ስራው አለ፣ ኤልኤምአይኤ አወጣልሻለሁ፣ ፋይል ማስከፈቻ 900 ዶላር ነው ግማሹን አሁን ግማሹን ስትገቢ፣ ፓስፖርትሽንም ስካን አርገሽ ላኪልኝ አለኝ። ባለቤቴ ተይው ይላል፣ እናቴ ደሞ ሰው ስራ ሚያገኘው ከፍሎ አይደል እንዴ ትላለች። ለመሆኑ ሪክሩተር ሚባለው ሰው ስራው በትክክል ምንድነው? እኔስ እንዴት ነው ምቀርባቸው?»

እህቴ መጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ፣ ከባለቤትሽ ጋር በሰላም ያገናኛችሁ። ሌላውን ከማውራቴ በፊት የ900 ዶላሩን ነገር ልጨርሰው ምክንያቱም አስቸኳዩ እሱ ነው። እንዳትከፍይ። ግማሹንም ሩቡንም። ፓስፖርትሽንም እንዳትልኪ።

ልጁ ውሸታም መሆኑን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግሽም፣ ኤልኤምአይኤ አወጣልሻለሁ ማለቱ ራሱ በቂ ነው። ኤልኤምአይኤ ማለት ካናዳ ውስጥ ያለ ቀጣሪ እዛው ሀገር ሰው አጥቻለሁና ከውጭ ጊዜያዊ ሰራተኛ ላምጣ ብሎ ከመንግስት ሚጠይቀው ወረቀት ነው፣ አመልካቹ ቀጣሪው ነው፣ ለአንድ የስራ ቦታ 1,000 የካናዳ ዶላር ሚከፍለውም ቀጣሪው ነው፣ ያንን ብር ዞሮ ከሰራተኛው ላይ መቀበል ደሞ ክልክል ነው። አንቺ ምትገቢው ፐርማነንት ሬዚደንት ሆነሽ ነው፣ ኤርፖርት ወርደሽ ወረቀትሽ ከተረጋገጠ ጀምሮ የፈለግሽው ቀጣሪ ጋር ያለምንም የስራ ፈቃድ መስራት ትችያለሽ። ስለዚ ልጁ ወይ ጉዳይሽን ጭራሽ አያውቀውም ወይ አውቆ አንቺ አታውቂም ብሎ ነው። ቶሮንቶ ያለችበት ኦንታሪዮ ግዛት ውስጥ ደሞ በጊዜያዊ ስራ ፕሮግራም ሊገባ ከሚፈልግ የውጭ ዜጋ ሪክሩተር ምንም ክፍያ መቀበል እንደማይችል በህግ የተከለከለ ነው፣ ፓስፖርቱንም መያዝ አይችልም። ከፈረንጆቹ ጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ደሞ ኦንታሪዮ የሚሰራ ሪክሩተርም የጊዜያዊ ሰራተኛ ኤጀንሲም ላይሰንስ ሊኖረው ይገባል፣ ዝርዝሩ የግዛቱ መንግስት ድረገጽ ላይ ለማንም ክፍት ነው፣ ስሙን አስገብተሽ መፈለግ ነው። ልጁን የድርጅትህ ስም ማነው ላይሰንስህስ ብለሽ አንዴ ጠይቂውና የሚመልስልሽን እዪ። ምናልባት ይሄን እስክታነቢ ከፍለሽ ከሆነ ደሞ እፍረት ሳይዝሽ ዛሬውኑ ባንክሽ ሄደሽ ንገሪያቸው፣ ቻቱን ስክሪንሾት አድርገሽ አስቀምጪው፣ አትደምስሺው፣ ለፖሊስም አመልክቺ።

እናትሽን ግን አትቆጫቸው። እሳቸው ያዩት ያንን ነው። እዚህ ሀገር ቤት ለመከራየት ደላላ፣ ሰራተኛ ለማግኘት ደላላ፣ ስራ ለማግኘት ደላላ፣ ሁሉም ከሁለቱም ወገን ኮሚሽን ይቆርጣል፣ አረብ ሀገር የሄደች የጎረቤት ልጅም ስንት ከፍላ እንደሄደች እሳቸው ያውቃሉ። ደሞ ልንገርሽ፣ ለአረብ ሀገሩም ቢሆን እንደዛ መሆን አልነበረበትም፣ በ2008 የወጣው የውጭ ሀገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የስራ ፈቃዱንና የኢንሹራንሱን ወጪ አሰሪው ላይ ነው የጣለው። ስንት እህቶቻችን ይሄን ሳያውቁ ተበድረው ከፍለው ሄደዋል፣ እኔን በጣም ነው ሚያንገበግበኝ። ስለዚ ለእናትሽ በእርጋታ አስረጃቸው፣ ባለቤትሽም ተይው ያለሽ እውነቱን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። ይሄን ዓምድ አዲስ ለምታነቡ፣ እኔ ቶሮንቶ ለዓመታት ሪክሩተር ሆኜ ሰርቼ የተመለስኩ ነኝ፣ ስለዚ ምነግርሽ ከውስጥ ያየሁትን ነው።

ሪክሩተር ደሞዙን ሚከፍለው ቀጣሪው ነው። ይሄን አንድ ነገር ከያዝሽ ሌላው ሁሉ ይገባሻል። የድርጅቱ የራሱ ሰራተኛ የሆነ ሪክሩተር አለ፣ ኤችአር ውስጥ ተቀምጦ ለዛ ድርጅት ብቻ ሰው ሚፈልግ። የኤጀንሲ ሪክሩተር ደሞ አለ፣ ብዙ ድርጅቶች ሰው ፈልግልን ይሉትና ሰውየው ሲቀጠር ብዙ ጊዜ የሰውየውን የመጀመሪያ ዓመት ደሞዝ ከ15 እስከ 25 ፐርሰንት ሚሆን ከድርጅቱ ይቀበላል፣ ከአንቺ ደሞዝ ላይ ሚቆረጥ ነገር የለም፣ ሰው ካላስቀጠረ ደሞ አብዛኛውን ጊዜ ሳንቲም አያገኝም። ሶስተኛው የጊዜያዊ ሰራተኛ ኤጀንሲ ነው፣ እሱ ራሱ ቀጣሪሽ ይሆንና ለሶስት ወርም ለስድስት ወርም የሆነ ድርጅት ጋር ይመድብሻል፣ ደሞዝሽን ሚከፍልሽ ኤጀንሲው ነው፣ ድርጅቱን ከዛ በላይ ያስከፍለዋል። እነሱም ቢሆኑ ለመመዝገቢያ፣ ለሲቪ ማሰሪያ፣ ስራ ለማግኛ ምናምን ብለው አንቺን ማስከፈል አይችሉም።

ስለዚ ያ ሲቪሽን የላክሽለት ሰው ለአንቺ ስራ እየፈለገ አይደለም፣ ጠረጴዛው ላይ ለተቀመጠለት ክፍት ቦታ ሰው እየፈለገ ነው። አንቺ ከዛ ቦታ ጋር ከገጠምሽ በደቂቃ ውስጥ ይደውልልሻል፣ ካልገጠምሽ ግን ክፉ ሆኖ ሳይሆን ጊዜው ሁሉ ለዛ ክፍት ቦታ ስለሆነ መልስም አይሰጥሽም። ዝምታቸውን እንደ ንቀት እንዳትወስጂው፣ እኛ ሀበሾች ይሄ ነገር ይከብደናል፣ ሰላምታ ሳይመልስ ቀረ ማለት ለኛ ስድብ ነው፣ እዛ ግን መልስ ያጣው የውጭ ሰው ብቻ አይደለም እዛው ተወልዶ ያደገውም መልስ ያጣል። በዛ ላይ አንቺ ገና አዲስ አበባ ነሽ፣ ስልክሽ በ251 ይጀምራል፣ የኤጀንሲ ሪክሩተር ደሞ ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ስራ ሚጀምር ሰው ነው አምጣ የተባለው። የፐርማነንት ሬዚደንስ ወረቀት እንዳለሽ ሲቪሽ ላይ ካልጻፍሽ ደሞ ቪዛ ምትጠይቅ መስሎት አልፎሽ ነው የሄደው።

እሱን አስተካክይ። ከስምሽ ስር አንድ መስመር ብቻ፦ ፐርማነንት ሬዚደንት፣ ስፖንሰርሺፕ አልፈልግም፣ ከዚህ ቀን ጀምሮ ቶሮንቶ ነኝ። ለሁሉም አንድ አይነት መልእክት መበተኑንም ተይው። ሊንክድኢን ላይ አካውንቲንግና ፋይናንስ ላይ ብቻ ሚሰሩትን ለይተሽ፣ ያወጡትን ማስታወቂያ አንብበሽ፣ ስለዛ ስራ ሁለት ሶስት ዓረፍተ ነገር ጽፈሽ ላኪ። አሁን ላይ ለጥቂቱ ብቻ ጻፊ፣ ዋናውን ዘመቻ ልትሄጂ ሁለት ሶስት ሳምንት ሲቀርሽ ጀምሪው።

ስልክ ሳትደውል ጠፋች ያልሻት ሴትዮ... እኔ እንደሚመስለኝ ደውላልሻለች። የጻፈችልሽን ኢሜይል መልሰሽ ክፈቺው። 10 ሰዓት ያለችው የቶሮንቶን ጠዋት ከሆነ፣ በነሱ በጋ አዲስ አበባ በ7 ሰዓት ትቀድማቸዋለች፣ ማለትም በፈረንጅ አቆጣጠር ከሰዓት 5 ሰዓት፣ በኛ ደሞ 11 ሰዓት። አንቺ በኛ 10 ሰዓት ላይ ስልክ ይዘሽ ጠብቀሽ ተስፋ ቆርጠሽ ወጣሽ፣ እሷ ከአንድ ሰዓት በኋላ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆነሽ ደወለች፣ ያ የማታውቂው የውጭ ቁጥር የሷ ነው። እሷ ጋር ደሞ «ቀጠሮ ላይ አልተገኘችም» ተብሎ ተመዝግቧል። ይሄ ስንት ጎበዝ ልጆችን ስራ ሲያሳጣ አይቻለሁ መሰለሽ። በነሱ ክረምት ደሞ ልዩነቱ 8 ሰዓት ይሆናል፣ በማርች ሁለተኛው እሁድና በኖቬምበር የመጀመሪያው እሁድ ሰዓታቸውን ይቀይራሉ። ስለዚ ማንም ቀጠሮ ሲሰጥሽ «የቶሮንቶ ሰዓት ነው አይደል? እኔ ጋር ከሰዓት 5 ሰዓት ይሆናል፣ የካላንደር ግብዣ ብትልኪልኝ ደስ ይለኛል» ብለሽ መልሽ፣ ስልክሽ ራሱ ያስተካክልልሻል። ለሴትየዋም ዛሬ ጻፊላት፣ ረጅም ይቅርታ አያስፈልግም፦ የሰዓት ልዩነቱን ተሳስቼ ጥሪሽ አመለጠኝ፣ ይቅርታ፣ በዚህና በዚህ ቀን በቶሮንቶ ሰዓት ከ8 እስከ 11 ስልኬ ክፍት ነው። በቃ። ብዙዎቹ እንዲህ አይነት መልእክት ሲደርሳቸው እንደገና ይደውላሉ።

ሲቪሽን አላየሁትም ግን እዚህ ምንጽፈው ሲቪ እዛ ምን እንደሚያስቸግር ስለማውቅ ልንገርሽ። ፎቶ፣ እድሜ፣ ጾታ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የትውልድ ቦታ ሁሉንም አውጪው፣ እዛ አይጻፍም። ቀኑን ደሞ በሙሉ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀይሪ። የኛ 2009 ሐምሌ ላይ ተመርቀሽ ከሆነ እሱ ጁላይ 2017 ነው፣ ዲግሪሽ ላይ ያለውን ቁጥር ዝም ብለሽ 2009 ብለሽ ከጻፍሽ አንባቢው በ14 ዓመትሽ ዲግሪ የያዝሽ ነው ሚመስለው ወይ ደሞ በመሀል 8 ዓመት ምን ስትሰሪ ነበር ይልሻል። የስራ ልምድ ደብዳቤዎችሽም ላይ እንደዛው፣ አንዱ በኛ አንዱ በነሱ አቆጣጠር ሆኖ የተጻፈ ብዙ ነው፣ ቀጣሪው ባክግራውንድ ቼክ ሲያሰራ ሲቪው ላይ ካለው ጋር ሳይገጥም ይቀርና ውሸት ያስመስልብሻል። ስምሽም እንዲሁ፣ ፓስፖርትሽ ላይ ሰርኔም ተብሎ የተቀመጠው የአባትሽ ነው የአያትሽ እሱን እዪና ሲቪውም ሊንክድኢኑም ሁሉም ቦታ በዛው ፊደል አንድ አይነት ይሁን። አባትን እንደ ቤተሰብ ስም አይተው ሰው ሲጠሩሽ ግር ይልሽ ይሆናል ግን ትለምጂዋለሽ።

ስለ ሂሳብ ሶፍትዌሩ፣ ስለ ፒችትሪ ደሞ። እዚህ አካውንታንት ሁሉ ሲቪው ላይ ፒችትሪ ብሎ ነው ሚጽፈው፣ ሶፍትዌሩ ግን ስሙ ከተቀየረ ቆይቷል፣ ሴጅ 50 ነው አሁን፣ ሪክሩተሩ ዳታቤዙ ውስጥ ሰው ሲፈልግ ፒችትሪ ብሎ አይጽፍም፣ ስለዚ «ሴጅ 50፣ ቀድሞ ፒችትሪ» በይ። ልብ በይ ግን ካናዳ ውስጥ ሴጅ 50 ሚሉት ድሮ ሲምፕሊ አካውንቲንግ ይባል የነበረውን ነው፣ የተለየ ፕሮግራም ነው፣ ኢንተርቪው ላይ ልክ እንደዛ አድርገሽ ካስረዳሽ ነገሩን ምታውቂ ሰው መሆንሽ ይታያል። ኩዊክቡክስ ከቻልሽ ከመሄድሽ በፊት ነካ ነካ አርጊው፣ ትንንሽ ድርጅቶች ይወዱታል።

አንድ ትልቅ ሀብት ደሞ አለሽ፣ ምናልባት ሀብት መሆኑን አታውቂው ይሆናል። አይኤፍአርኤስ፣ ማለትም ዓለም አቀፉ የሂሳብ ሪፖርት አሰራር ደረጃ። ኢትዮጵያ በ2006 በወጣው አዋጅ 847 ወደ አይኤፍአርኤስ ግቡ ብላ ያ ሁሉ ሽግግር ሲካሄድ አንቺ ስራ ላይ ነበርሽ፣ ካናዳ ደሞ በአክሲዮን ገበያ ያሉ ድርጅቶቿን በፈረንጆቹ 2011 ነው ወደ አይኤፍአርኤስ ያስገባችው። አሜሪካ ብትሄጂ ሌላ ስታንዳርድ ነው ሚጠብቅሽ፣ ቶሮንቶ ግን ምታውቂውን ነው ምታገኚው። ሽግግሩ ላይ ከሰራሽ ምን እንደሰራሽ በግልጽ ጻፊ፣ የቋሚ ንብረት ቆጠራና ግምት ይሁን፣ የመክፈቻ ባላንስ ማስተካከል ይሁን፣ ከኦዲተር ጋር መከራከር ይሁን። «ሂሳብ እሰራ ነበር» ሚል መስመር ለማንም ምንም አይነግርም። ማታውቂው የታክሱን ነው፣ እሱ ደሞ ሚለመድ ነው፣ የኛ 15 ፐርሰንት ቫት በኦንታሪዮ 13 ፐርሰንት ኤችኤስቲ ይሆናል፣ ጡረታ 7 እና 11 ብለን ምንቆርጠው እዛ ሲፒፒ ሚባለው ጡረታና ኢአይ ሚባለው የስራ አጥነት ኢንሹራንስ ተቆራጮች ናቸው። አሁን ማታ ማታ አንብቢያቸው፣ ሪክሩተሩ የካናዳ ፔይሮል ታውቂያለሽ ወይ ሲልሽ «ሰርቼበት አላውቅም ግን ምን ምን እንደሚቆረጥ አውቃለሁ» ማለት ከ«አይ» በጣም ይሻላል።

ስልኩ ሲደወል ወሬው አስራ አምስት ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ስለራስሽ ንገሪኝ ይሉሻል፣ እዚህ ላይ ከትውልድሽ እንዳትጀምሪ፣ ምን አይነት ድርጅት ውስጥ፣ ስንት ሰው ባለበት ክፍል፣ ምን እንደምትሰሪ፣ የወር ሂሳብ በስንት ቀን እንደምትዘጉ፣ እነዚህን። እኛ «እኔ ሰራሁት» ማለት ያሳፍረናል፣ «ሰራን» እንላለን፣ ትህትና ነው ጥሩ ነገር ነው፣ እዛ ግን ሪክሩተሩ ወረቀቱ ላይ ሚጽፈው አንቺ የሰራሽውን ነው ስለዚ የአንቺ የሆነውን የኔ ነው በይ። መስራት መቻልሽን ይጠይቁሻል፣ ፐርማነንት ሬዚደንት ነኝ በቃ፣ እንዴት እንዳገኘሽው፣ ባለቤትሽ ምን እንደሚሰራ፣ ልጅ ለመውለድ እንዳሰብሽ መናገር የለብሽም፣ ቢጠይቁሽም ወደ ስራው መልሻቸው።

ደሞዝ ስንት ትፈልጊያለሽ ይሉሻል። እዚህ ብዙ ሰው ይሸነፋል። የአሁኑን ደሞዝሽን ወደ ዶላር ቀይረሽ እንዳትነግሪያቸው፣ ብሩ አሁን ባለበት ምንዛሬ ስታሰይው ራስሽን ነው ምታረክሺው። እዛ ደሞዝ በዓመት ወይ በሰዓት ነው ሚነገረው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ኦንታሪዮ ውስጥ 25ና ከዛ በላይ ሰራተኛ ያለው ቀጣሪ ለህዝብ በሚያወጣው የስራ ማስታወቂያ ላይ የደሞዙን መጠን ወይ ከዚህ እስከዚህ ብሎ እንዲጽፍ ህጉ ያስገድደዋል፣ ስለዚ ከአሁኑ ተመሳሳይ ማስታወቂያዎችን ሰብስቢና ስንት ስንት እንደሚሉ መዝግቢ፣ ስትጠየቂ «ለዚህ ቦታ የተመደበው ስንት ነው?» ብለሽ መጀመሪያ ጠይቂ፣ ካልነገሩሽ ያየሽውን ሬንጅ ንገሪያቸው። እዛው ህግ ላይ ሁለት ሌላ ነገር አለ ለአንቺ ሚጠቅም፣ እነዚሁ ቀጣሪዎች ማስታወቂያቸው ላይ «የካናዳ የስራ ልምድ ያስፈልጋል» ብለው መጻፍ አይችሉም፣ ኢንተርቪው ያደረጉልሽን ደሞ በ45 ቀን ውስጥ ወስነው እንደሆነ ሊያሳውቁሽ ይገባል። ህግ ወጣ ማለት ግን አስተሳሰቡ ጠፋ ማለት አይደለም፣ የካናዳ ልምድ የለሽም እኮ ሚል ሰው በአፉ ያጋጥምሻል፣ እንዳትደነግጪ፣ አይኤፍአርኤሱን አውሪለት።

አንድ ነገር አደራ ምልሽ፣ የኤጀንሲ ሪክሩተር ሲቪሽን ወደ የትኛው ድርጅት እንደሚልክ ስሙን ሳይነግርሽ ላክ አትበይው። ሁለት ኤጀንሲ አንድ ሰው ለአንድ ድርጅት ሲልኩ ኮሚሽኑ የማነው ሚል ጭቅጭቅ ይነሳና ድርጅቱ ብዙ ጊዜ ሰውየውን ራሱን ይተወዋል። ለሁሉም በትኛለሁ ያልሽኝ ያስፈራኝ በዚህ ነው። ደብተርም ይሁን ኤክሴል ላይ የትኛው ሪክሩተር የት እንደላከሽ፣ አንቺስ በራስሽ የት እንዳመለከትሽ በቀን ያዢ። አካውንታንት ነሽ ይሄማ ላንቺ ምንም አይደለም።

የሶሻል ኢንሹራንስ ቁጥርሽን፣ መንግስት ለስራና ለታክስ ሚሰጥሽን ባለ 9 አሃዙን፣ ለማስተዋወቅ ብቻ ለደወለልሽ ሪክሩተር አትስጪ። እሱን ምትሰጪው ለቀጠረሽ ነው፣ ስራ በጀመርሽ በ3 ቀን ውስጥ። የጊዜያዊ ኤጀንሲው ግን ራሱ ቀጣሪሽ ስለሚሆን ሲቀጥርሽ መጠየቁ ትክክል ነው። እዛ ስትደርሺ ደሞ የአካባቢውን ሲም ያዢና ቮይስሜይል አዘጋጂ፣ እዚህ ማንም አይጠቀመውም አውቃለሁ፣ እዛ ግን ሪክሩተር ካላነሳሽ መልእክት ትቶልሽ ነው ሚሄደው፣ ሳጥኑ ካልተከፈተ ወደሚቀጥለው ሰው ነው።

የቦታውን ደረጃ በተመለከተ እውነቱን ልንገርሽ፣ ሲኒየር አካውንታንት ብለሽ ብትጀምሪ ብዙ ቦታ ሲፒኤ ሚባለውን የአካውንታንት የሙያ ማዕረግ ይጠይቁሻል፣ ሪክሩተሮቹ አካውንትስ ፔያብል (ተከፋይ ሂሳብ)፣ ሪሲቫብል (ተሰብሳቢ ሂሳብ)፣ ፔይሮል (ደሞዝ)፣ ቡክኪፒንግ (መዝገብ አያያዝ) ነው ሚያቀርቡልሽ። የስድስት ወር የአካውንትስ ፔያብል ኮንትራት ካገኘሽ እኔ ተቀበዪ ነው ምለው፣ ሙያሽ ውስጥ ነሽ፣ ስለ ስራሽ ሚመሰክርልሽ የካናዳ ማጣቀሻ ሰው ታገኛለሽ፣ ድርጅቱም ከወደደሽ ሊያስቀርሽ ይችላል። ድርጅቱ አንቺን በቋሚነት ሲወስድ ኤጀንሲው ከድርጅቱ ክፍያ መጠየቅ ሚችለው በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ብቻ ነው፣ ከዛ በኋላ አይችልም፣ ይሄን ማወቅ ይጠቅምሻል። መጋዘን ውስጥ ግቢ ቢሉሽ ግን ኪራይ ካላስጨነቃችሁ ቶሎ እሺ አትበይ። ከከበዳችሁ ስሪ፣ ስራ ነው ነውር የለውም፣ ግን ሪክሩተሯን ማውራት አታቁሚ፣ ሲቪሽም ላይ እንደ አካውንታንት ነው ምትታዪው። ብዙ ጓደኞቼ ለሶስት ወር ብለው ገብተው እዛው ቀርተዋል፣ ከድካም ብዛት ሲቪ ሚያስተካክሉበት ጉልበት ስላጡ ነው እንጂ ሰነፍ ሆነው አይደለም።

እና ሁሉንም ተስፋሽን ሪክሩተር ላይ አትጣይው። አዲስ ገቢዎችን ሚረዱ በመንግስት ብር ሚሰሩ የሰፈር ድርጅቶች አሉ፣ ሲቪ ያያሉ ኢንተርቪው ያለማምዳሉ፣ በነጻ ነው፣ ባለቤትሽ ከአሁኑ ይጠይቅልሽ። ቶሮንቶ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ያሉት ሀበሻ ሬስቶራንቶቹ ጋር ቡና ስትጠጪም አካውንታንት ነኝ በይ፣ አትፈሪ፣ የድርጅታችን ፋይናንስ ሰው ይፈልጋል ሚልሽ ሰው ከዛ ነው ሚመጣው።

ከመሄድሽ በፊት እዚህ ሆነሽ ብቻ የምትጨርሻቸው ነገሮች ደሞ አሉ፣ ከቶሮንቶ ሆኖ ሰው መላክ ስቃይ ነው። ስድስት ኪሎም ሆነ የተማርሽበት ግቢ ሬጅስትራር ሂጂና ኦፊሻል ትራንስክሪፕትሽ ታሽጎ በቀጥታ ዲግሪ ለሚገመግመው ድርጅት እንዲላክልሽ አስጀምሪ፣ ደብሊውኢኤስ ወይም ሌላ፣ መጀመሪያ ግን የመረጥሽው ድርጅት ምን ምን እንደሚጠይቅ ድረገጹ ላይ አንብቢ። የስራ ልምድ ደብዳቤሽ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የሰራሽው ስራ ተዘርዝሮ ይጻፍልሽ፣ ማህተም ያለበት «በመልካም ስነምግባር ሰርታለች» ሚል ሁለት መስመር እዛ ምንም አያደርግልሽም። ከማህተሙ ይልቅ እነሱ ሚፈልጉት ደውለው ሚያናግሩት ሰው ነው። ስለዚ ሁለት የቀድሞ አለቆችሽን ቡና ጋብዢና ማጣቀሻ ሁኑኝ በያቸው፣ የግል ኢሜይላቸውን ተቀበዪ፣ የውጭ ቁጥር ሲደወል እንዲያነሱ፣ ኢሜይል ሲመጣ በሁለት ሶስት ቀን እንዲመልሱ አደራ በያቸው። በተለይ ድሮ መስሪያ ቤትሽ ካዛንቺስ ምናምን ከነበረ፣ ያ ሰፈር ከፈረሰ ወዲህ ስንቱ ቢሮ የት እንደገባ አይታወቅም፣ ደብዳቤው ላይ ያለው የመስመር ስልክ ማይነሳ ከሆነ አዲስ ቁጥር ጨምረሽ አስቀይሪው።

ሲቪሽን ካስተካከልሽ በኋላ ስምሽንና ስልክሽን አጥፍተሽ በዚህ ዓምድ አድራሻ ላኪልኝ፣ አይቼ የሚቀየረውን ምልክት አድርጌበት እመልስልሻለሁ።